ሴፕቲኩ አልሞላም፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው

ጥያቄ፦ «ቤታችን አቃቂ አካባቢ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ነው። ከተከራዮቻችን ጋር ስምንት ሰው እንኖራለን። ሴፕቲክ ታንኩ ከተሠራ 4 ዓመቱ ነው። ውስጡ 2 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን፣ ከወለሉ እስከ መውጫ ቱቦው 2 ሜትር ጥልቀት አለው። ከጎኑ ውሃው የሚሰርግበት ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሯል። በበጋ በየሁለት ወሩ፣ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ሞልቶ እየገነፈለ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና እናስመጣለን። ቆጣሪያችን በወር 24 ሜትር ኩብ ገደማ ይቆጥራል። ከቤቱ ጀርባ 25 ካሬ ያህል ባዶ ቦታ አለን። ጎረቤታችን የታንኩን ወለል ብሱት ይለናል። ግንበኛው የማስረጊያውን ጉድጓድ 6 ሜትር ላድርሰው ይላል። ሱቅ ደግሞ ዝቃጭ ያሟሟል የሚባል ዱቄት አለ። እናቴ እርሾና አዛባ ጨምሩበት ትላለች። የቱን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ከአራቱ አንዱንም አያድርጉ። ከሁሉም የከፋው ወለሉን መብሳት ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን «ሞላ» የሚለውን ቃል ማስተካከል አለብን፤ እስካሁን ገንዘብዎን ያስወጣዎት ይህ ቃል ነውና።

በደንብ የሚሠራ ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ መውጫ ቱቦው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ እንደሞላ ይኖራል። ከቤት አንድ ባልዲ ሲገባ በሌላው ጫፍ አንድ ባልዲ ይወጣል። ታንኩ የተሠራው ፍሳሽ ለማጠራቀም ሳይሆን ለማዝቀጥ ነው። ፍሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ተረጋግቶ ሲቆይ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባትና ቀላል ነገር ወደ ላይ ተንሳፎ እንደ ቆዳ ይጋገራል፣ መካከል ላይ ከሁለቱ የተሻለ ውሃ ይቀራል። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች የዘቀጠውን ቀስ እያሉ ይበሉታል፤ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ በማናፈሻው ቱቦ ይወጣል፣ ከፊሉ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። መካከል ያለው ውሃ ደግሞ በመውጫው አድርጎ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ይህ ውሃ ጠራ እንጂ አልጸዳም፤ በሽታ አምጪው ሁሉ አብሮት አለ። የሚያጸዳው በኋላ የሚያልፍበት አፈር ነው። ስለዚህ የሥርዓቱ ግማሽ ታንኩ፣ ግማሹ አፈሩ ነው። የእርስዎ ችግር ያለው በሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ መቆፈር አላስፈለገኝም፤ የላኳቸው ቁጥሮች ይናገራሉ። ታንክዎ የሚይዘው 12,000 ሊትር ነው። በወር 24 ሜትር ኩብ ማለት በቀን 800 ሊትር ነው። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለአትክልትና ለግቢ የሚሄደውን ብንቀንስ 640 ሊትር ያህሉ ወደ ታንኩ ይገባል እንበል። መውጫው ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ኖሮ ታንኩ በ19 ቀን ይሞላ ነበር። በበጋ ግን 60 ቀን ይቆያል። በ60 ቀን የገባው 38,400 ሊትር ነው፤ ታንኩ የያዘውን ስንቀንስ 26,400 ሊትር፣ በቀን ሲካፈል 440 ሊትር ያህል አፈሩ ጠጥቷል ማለት ነው። በክረምት ደግሞ በ15 ቀን ይሞላል። በ15 ቀን ከቤት የሚወጣው 9,600 ሊትር ብቻ ነው። ቀሪው 2,400 ሊትር ከየት መጣ? አንድ ጠብታ እንኳ ወደ አፈር ባይሰርግ፣ ቢያንስ በቀን 160 ሊትር ከውጭ እየገባ ነው። ስለዚህ ሁለት ችግር አለብዎ፦ በክረምት አፈሩ አይቀበልም፤ በዚያው በክረምት የዝናብ ውሃ ታንክዎ ውስጥ ይገባል።

ሌላም ቁጥር አለ። አንድ ሰው በዓመት የሚያስቀምጠው ዝቃጭ 40 ሊትር ገደማ ነው። ስምንት ሰው በሁለት ወር የሚተወው ታዲያ 53 ሊትር ያህል ነው፤ ሦስት ጀሪካን እንኳ አይሞላም። በየሁለት ወሩ መኪና እያስመጡ የሚያስመጥጡት ሦስት ጀሪካን የማይሞላ ዝቃጭና የተረፈው ሁሉ ውሃ ነው። የመኪናው ክፍያ የውሃ ማመላለሻ ሆኗል። ሱቅ ያለው ዱቄትም የማይጠቅምዎ ለዚህ ነው፤ ዱቄት ዝቃጭ ያሟሟል ቢባል እንኳ ውሃን የትም አይወስድም። እርሾውና አዛባውም እንደዚያው። ባክቴሪያው ከሰው ሆድ ከፍሳሹ ጋር በየቀኑ ይገባል፤ ማስጀመሪያ አይፈልግም። አዛባ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ ሣር ደግሞ ራሱ ዝቃጭ ይሆናል። እናትዎን ቅር ሳያሰኙ ይተዉት።

አሁን ወደ አፈሩ። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። በየካቲት በአቃቂ ሜዳ የሄደ ሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያል። በበጋ ማስረጊያዎ በቀን 440 ሊትር የሚጠጣው አፈሩ አሳላፊ ስለሆነ አይደለም፤ ውሃው በስንጥቁ ስለሚሄድ ነው። ሰኔ ገብቶ አፈሩ ሲጠግብ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ እንደ ጋን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ያለ ዘመድዎ ተመሳሳይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለዓመታት ሳያስመጥጥ ቢኖር አይገርምም። ንድፉ አንድ ነው፣ መሬቱ ግን ሌላ ነው። ግንበኞች አንዱን ስፋትና ጥልቀት ይዘው ከሰፈር ሰፈር መዞራቸው በዚህ ሥራ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነውና።

ጉድጓዱን 6 ሜትር ማድረስ ለምን እንደማይረዳ ከዚህ ግልጽ ይመስለኛል። ወደ ታች ሲወርዱ የሚያገኙት ያው ጥብቅ አፈር፣ ወይም ከስሩ ድንጋይ፣ ወይም በክረምት ከፍ ብሎ የሚቆም የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከማስረጊያው ወለል በታች ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያልራሰ አፈር ከሌለ ፍሳሹ ሳይጣራ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ጥልቅ ጉድጓድ አደጋም አለው፤ የራሰ ጥቁር አፈር ግድግዳውን ገፍቶ ሠራተኛውን ሊቀብር ይችላል።

ወለሉን መብሳት ግን ከአደጋም በላይ ነው። የታንኩ ወለል ሲበሳ የሚወጣው ያልዘቀጠ፣ ያልጠራ ፍሳሽ ነው። ቀዳዳው በዝቃጭ ቶሎ ይደፈናል፤ እስኪደፈን ድረስ ግን በመሠረትዎ ሥር ያልፋል። ጥቁር አፈር በአንድ ወገን ሲርስ በሌላው ሲደርቅ ቤት ይሰነጠቃል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በዚያው ቀዳዳ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ታንኩ ይገባል፣ እርስዎም ያንን ከፍለው ያስመጥጣሉ። ማንም ባይነግርዎ እንኳ አምስተኛ ምክር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ «በማታ ወደ ጎርፍ ቦዩ ልቀቁት» የሚል። ቦዩ ወንዝ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ያንን ውሃ ነው የሚያጠጡት፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይገባል። ይህን መንገድ ጨርሶ አያስቡት።

ከምንም ሥራ በፊት የውጭው ውሃ በየት እንደሚገባ ይፈልጉ፤ ይህ ከመኪናው አንድ ጊዜ ክፍያ ያነሰ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ክረምት ላይ፣ ዝናብ በዘነበበት ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ውሃ አይጠቀሙ። የታንኩን ክዳን ጥቂት ከፍተው በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉ፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንደገና ይለኩ። ታንክዎ 6 ካሬ ስለሆነ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ 60 ሊትር ገባ ማለት ነው። ማንም ውሃ ሳይጠቀም 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በግድግዳው ወይም በማንሆሉ እየገባ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ሲያስመጥጥ ከላይ ሆነው በባትሪ ግድግዳውን ያብሩበት። በብሎኬት የተሠራና በውስጥ በኩል ብቻ የተለሰነ ታንክ ከሆነ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ያያሉ፤ አንዳንዴም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያኔ መፍትሔው ውሃ የማያሳልፍ ልስን ከውስጥ መድገም፣ ከውጭ ደግሞ በበጋ ዙሪያውን ከፍቶ መለሰን ነው።

የጣሪያ ውሃስ? 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ይወርዳል። የጣሪያዎ አሸንዳ ሙሉ በሙሉ ወደ ሴፕቲኩ መስመር ቢገባ ኖሮ ታንኩ 15 ቀን አይቆይም ነበር። ስለዚህ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ የማንሆሎቹ ክዳን ከንጣፉ ጋር እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ ለዓይን እንዲያምር ይሆናል። በዝናብ ጊዜ ግን የግቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል። ከክዳኑ ዙሪያ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር ማሠራት ብቻውን የብዙ ቤት ችግር ቀንሶ አይቻለሁ።

ከቤት ውስጥ የሚወጣውንም ይመርምሩ። ለስምንት ሰው በቀን 800 ሊትር፣ ማለትም በነፍስ ወከፍ 100 ሊትር፣ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ብዙ ነው። የሚያፈስ ሽንት ቤት ያለ ይመስለኛል። የቀይ ሥር ውሃ በብርጭቆ አድርገው በሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ይቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው አይዘጋም። በዝግታ የሚያፈስ አንድ ሽንት ቤት በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ያባክናል፣ ድምፁም አይሰማም። ሮቶውንም ይዩ። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ተንሳፋፊው ካልዘጋ ትርፉ የሚወርድበት ቱቦ የት እንደተጣለ ይከተሉት፤ ወደ ፍሳሽ መስመር አስገብተውት ከሆነ ያስነቅሉት።

ወደ ታንኩ አሠራር እንምጣ። ሁለቱንም ክዳኖች ከፍተው መግቢያውና መውጫው ላይ «ቲ» መኖሩን ይዩ። ቲ ማለት ባለ ሦስት አፍ ቱቦ ነው፤ አንዱ ክንድ ወደ ታች ወርዶ ከተጋገረው ቅባት ሥር ውሃውን ይቀዳል፣ ላይኛው ክንድ ክፍት ሆኖ ጋዝ ያሳልፋል። የመውጫው ቲ ወደ ታች መውረድ ያለበት ከውሃው ጥልቀት 40 በመቶ ያህል ነው፤ በእርስዎ 80 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። መግቢያው ደግሞ ከመውጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በከፈትኳቸው ብዙ ታንኮች ላይ ያገኘሁት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቱቦ ነው። እንዲህ ሲሆን ላይ የተንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄድና የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ቀለም ይቀባዋል። አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቲ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በእሱ ጉድለት የሚበላሸው ማስረጊያ ግን ስንት ብር እንደሚያስወጣ እርስዎ ያውቁታል።

ከከፈቱ አይቀር ዝቃጩንም ይለኩ። ረጅም እንጨት ላይ ያረጀ ነጭ ፎጣ ጠቅልለው ይሰሩ፣ እስከ ወለሉ አውርደው ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፣ ቀስ ብለው ያውጡት። ዝቃጩ እስከደረሰበት ድረስ ፎጣው ይጠቁራል። የታችኛው ዝቃጭና የላይኛው ቅባት ተደምረው ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ፣ በእርስዎ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ማስመጠጥ ተገቢ ነው። በደህና ሥርዓት ይህ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እንደ እርስዎ ባለ ሰፊ ታንክ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ማንም ሰው ወደ ታንኩም ሆነ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ እንዳይወርድ፤ ባዶ ቢሆን፣ ክዳኑ ለቀናት ተከፍቶ ቢያድር፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢሆንም። ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይኖራል። ትንሽ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይደፍራል፣ ከዚያ በቅጽበት ይወድቃል። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ፣ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ደርሼበታለሁ። የተደፈነ ቱቦ በእጁ ሊያጸዳ ነበር። ፎጣ ጋዝ አያግድም። ያን ቀን ሦስት ሰው አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እሱ ቢወድቅ ሊያወጡት የሚገቡት እነሱ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አደጋ ከአንድ ሰው በላይ የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ቢወድቅ አይግቡ፤ ከላይ ሆነው በገመድ የሚደርሱበት ካለ ይሞክሩ፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ይጥሩ። ሻማ አብርቶ ማውረድም ምርመራ አይደለም፤ ውስጡ ሚቴን ካለ ይፈነዳል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ደግሞ ሻማ አይነግርዎትም። ከላይ የነገርኳችሁን ልኬት ስታደርጉም አፋፉ ላይ አትጎንበሱ፣ ሲጋራ አይጨስ፣ ልጆች አይቅረቡ፣ ስትጨርሱ ክዳኑ ሰው በእጁ በቀላሉ በማያነሳው መንገድ ይገጠም። ከላይ ያልኩት የውስጥ ልስን እንኳ የሚሠራው አየር በሞተር እየተነፋ፣ ጋዙ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ሠራተኛው በወገብ ማሰሪያ ከውጭ ተይዞ ነው። ይህን ማሟላት የማይችል ግንበኛ ከሆነ ከውጭ በኩል ያለውን ብቻ ይሥራ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። በጥቁር አፈር ላይ በ25 ካሬ ቦታ የስምንት ሰው ፍሳሽ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አይሰርግም። ይህን የሚቀይር ንድፍ የለኝም፣ አለኝ የሚልዎትንም አይመኑ። እኔ በእንዲህ ያለ አፈር በቀን በካሬ ሜትር ከ10 ሊትር በላይ አልቆጥርም፤ ስለዚህ 25 ካሬ የሚቀበለው ቢበዛ 250 ሊትር ነው። ይህ ግን ለአንድ ነገር ይበቃል፦ ለሻወርና ለልብስ አጠባ ውሃ።

እንዲህ ያድርጉ። ቁጠባውንና የሚያፈሰውን ካስተካከሉ በኋላ የቤቱ ፍሳሽ በቀን 480 ሊትር ያህል ይሆናል ብለን እንነሳ፤ በሰው 60 ሊትር መሆኑ ነው። የሻወርና የልብስ ውሃው፣ 250 ሊትር ገደማ፣ ከሽንት ቤቱ መስመር ይለይ። መጀመሪያ ፀጉርና ክር የሚያስቀር ትንሽ ማዝቀጫ ሳጥን ውስጥ ይለፍ፤ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ወደሚሠራ ጥልቀት የሌለው መስመር ይሂድ። መስመሩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ታጥቦ የተነፋ ጠጠር ይሞላ፣ ጠጠሩ ውስጥ የተበሳሳ ቱቦ በአግድም ይቀመጥ፣ በላዩ አፈር እንዳይገባ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ከዚያ ቀይ አፈር ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ እንደ መደብ ይከመር፤ ዝናቡ እንዲንሸራተትለት ነው። ላዩ ላይ ውሃ የሚወዱ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይትከሉ፣ ሙዝ፣ እንሰት፣ ካና። ጥልቅ ጉድጓድ ወደ ታች ብቻ ሲያስብ፣ ይህ መስመር ግን በቅጠሉም ወደ ሰማይ ይሰጣል፤ በጥቁር አፈር ላይ ትልቁ ተስፋ ይኸኛው ነው። ካሮትና ድንች የመሰለ ሥሩ የሚበላ ነገር አይተክሉበት። ባህር ዛፍም አይትከሉ፤ ውሃ ይጠጣል የሚሉት እውነት ነው፣ ሥሩ ግን ቱቦውንና ታንኩን ይፈነቅላል። የጉድጓድ ውሃ ያለው ጎረቤት ካለ ከመስመሩ 30 ሜትር መራቁን ያረጋግጡ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ መደቡ ላይ ውሃ ብቅ ካለ የልብሱን ውሃ ለጊዜው ወደ ታንኩ የሚመልሱበት መዝጊያ ማንሆሉ ውስጥ ያሠሩ።

ሽንት ቤቱና ማድ ቤቱ፣ በቀን 230 ሊትር ያህል፣ ወደ ታንኩ ይቀጥሉ፤ የታንኩ መውጫም ወደ አሁኑ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሁን። በበጋ ጉድጓዱ በቀን 440 ሊትር ይጠጣ ነበር፤ 230 አይከብደውም። ስለዚህ በበጋ መኪና አያስፈልግዎትም። በክረምት ጉድጓዱ ጨርሶ ቢዘጋ እንኳ፣ የውጭው ውሃ ከቆመ፣ ባዶ ታንክ በቀን 230 ሊትር እየገባበት 52 ቀን ይቆያል። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ ሌላ ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ያስመጥጣሉ። ዜሮ አላልኩዎትም። አፈሩ የማይሰጠውን ቃል ልሰጥዎ አልችልም።

የማድ ቤቱ መስመር ታንኩ ከመድረሱ በፊት የቅባት መያዣ ሳጥን ይኑረው፤ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 የሆነ፣ መሃሉ ላይ ከሥር ክፍት የሆነ መከፋፈያ ያለው። የወጥ ዘይትና ቅቤ ሙቅ ሳለ ውሃ ይመስላል፤ አሥር ሜትር ሄዶ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ለበዓል ቅቤ ተነጥሮ፣ ዶሮ ተሠርቶ፣ ድስት በፈላ ውሃ ታጥቦ በሦስተኛው ቀን «መስመሩ ተደፈነ» የሚል ስልክ የማይደርሰኝ ዓመት የለም። ድስቱን ከማጠብዎ በፊት በሶፍት ወይም በእንጀራ ቁራሽ ይጥረጉት። የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢና የጠላ አተላ ለአፈር እንጂ ለታንክ አይሆኑም፤ ባክቴሪያ የቡና አተላን ለዓመታት አይጨርሰውም። የሳጥኑን ቅባት በየሁለት ሳምንቱ በጭልፋ ማውጣት የማይለመድ ሥራ ነው፣ ተከራዮቹን ጨምሮ አንድ ሰው በተራ ይያዘው። ሽንት ቤት ውስጥ ሶፍት መጣል ይቻላል፣ ይሟሟል። እርጥብ መጥረጊያ፣ ዳይፐር፣ ሞዴስና ኮንዶም አይሟሙም። በረኪና ለመጥረግ ያህል መጠቀም ታንኩን አይገድለውም፤ ጠርሙስ ሙሉ መድፋት፣ አሲድ ወይም የቀለም ማቅጠኛ መጨመር ግን ባክቴሪያውን ይፈጃል፣ አሲዱ ኮንክሪቱንም ይበላል።

መኪናው ሲመጣ አጠገቡ ይቁሙ። ታንኩ ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ የመጀመሪያውን ብቻ መጥጠው «አለቀ» እንዳይሉዎት ሁለቱም ክዳን ይከፈት። ታንኩ ሲጨርስ በበረኪና አይታጠብ፤ ታች በሚቀረው ትንሽ ዝቃጭ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይገድላል። የመጠጡት የት እንደሚደፋም ይጠይቁ፤ ወደ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ካልሆነና ወደ ቦይ ከሆነ ያንን መኪና ሁለተኛ አይጥሩት። በዚያው ሰፈር ፕላስቲክ ታንክ የቀበሩ ካሉ በክረምት ጨርሰው እንዳያስመጥጡ ይንገሯቸው፤ ባዶ ፕላስቲክ በራሰ አፈር ውስጥ እንደ ጀልባ ተንሳፎ ቱቦውን ሰብሮ ይነሳል።

ሌላው አማራጭ የከተማው የፍሳሽ መስመር ነው። በአቅራቢያዎ መንገድ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቅርና ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የቅርንጫፍ ቢሮ ማመልከቻ ያስገቡ፤ በጥቁር አፈር ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። የማያልፍ ከሆነ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ይጠይቁ፤ የጠየቃችሁት በዛ ካለ መስመሩ ወደ ሰፈሩ ሲዘረጋ መጀመሪያ የምትታወቁት እናንተ ናችሁ። እስከዚያ ግን አይጠብቁ።

ሥራው የሚሠራው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ያኔ አፈሩ ደርቆ ለመቆፈር ይመቻል። ማስረጊያ በአዲስ ቦታ ለመቆፈር ካሰቡ ግን የመስረግ ሙከራውን በበጋ አያድርጉ፤ ስንጥቁ ይዋሽዎታል። በነሐሴ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ውሃ ይሙሉት፣ ሌሊቱን እየሞሉ ያሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ሞልተው በማስመሪያ ይለኩ። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀበት እዚያ ቦታ ላይ ማስረጊያ አይቆፍሩ፤ ብሩን ለልስኑ፣ ለቲውና ለቅባት ሳጥኑ ያውሉት።